በአፍዎ ይበሉልኝ

ከቦንጋ ሆኜ እንድሠራ የተፈቀደልኝ ለሦስት ወር ብቻ ነበር፤ ለሙከራ። ደብዳቤው ላይ «ለሙከራ» የምትለዋ ቃል ደመቅ ተደርጋ ተጽፋለች፤ እንዳልረሳት ነው መሰለኝ። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ነገሩ ከሠመረ እዚሁ እቀጥላለሁ፤ ካልሠመረ ወይ አዲስ አበባ እመለሳለሁ ወይ ሥራውን እለቃለሁ።

መመለስ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። እናቴ ከቤታችን በታች ያለውን ቁልቁለት ስትወርድ ጭቃ አንሸራቷት የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ጅማ ወስደናት ታክማ፣ ብረት ገብቶላት ተመልሳለች፤ ነገር ግን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት ያለ ሰው ትከሻ አትሄድም። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ሰው እንቅጠርልሽ ስላት «ባዳ ገላዬን ሊያጥበኝ? ሞቼ ነው?» ብላ ዘጋችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንደኛ ደረጃ ያስተማረች ሴት ናት፤ አንዴ ካለች አለች ነው። አዲስ አበባ ልውሰድሽ ስላትም መልሷ ከዚህ አልተሻለም። ሥራውን እንዳልለቅ ደግሞ መድኃኒቷም ጉርሳችንም ከእኔ ደመወዝ ነበር የሚወጣው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። እኔ ግን አንዱም እንዲሰበር አልፈለግኩም። እልኸኛ ነሽ ካላችሁኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነግሬያችኋለሁ።

ሥራዬ የልጆች ማንበቢያ መጻሕፍትን ማረም ነው። የተሳሳተች ፊደል እለቅማለሁ፣ የረዘመ አረፍተ ነገር እቆርጣለሁ፣ ሥዕሉና ጽሑፉ ሲጣሉ አስታርቃለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ኮምፒውተርና ትዕግሥት ነው፤ ኮምፒውተሩ አለኝ። እንደ ሥራ ከሆነ የትም ተቀምጦ ይሠራል። ችግሩ ስብሰባው ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሰው በየኮምፒውተሩ ገብቶ ይገናኛል። የምትመራን የአርታኢዎቹ ኃላፊ ናት፤ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሰዓት የምታከብር፣ አንድን ጥያቄ ከሁለት ጊዜ በላይ የማትጠይቅ ሴት። ሰው አትበድልም፤ ማመካኛም አትወድም። ኔትወርክ እንዳይከብድ ካሜራ እንዘጋለን፤ ስለዚህ የምንተዋወቀው በድምፅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጠላቴ ዝናብ ሆነ። ቦንጋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚህ ክረምት መጣ ሄደ የሚባለው ለወጉ ነው። የቤታችን ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። በሁለተኛው ስብሰባ ሪፖርቴን ማንበብ ከመጀመሬ አንዱ ባልደረባዬ ወፍጮ ቤት ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኃላፊዋ አልሳቀችም። ለቢሮው የአይቲ ባለሙያ ደወልኩ። ፕሮግራሙ ላይ ጫጫታ ማጥሪያ አለ፣ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጊው አለኝ፤ ከፍ አደረግኩት። በቀጣዩ ስብሰባ ከራሴ በላይ ቆርቆሮው እየተቀጠቀጠ፣ አዲስ አበባ ላሉት ግን ድምፄ ጥርት ብሎ ደረሳቸው። ያን ቀን በደስታ ለእናቴ ወጧ ላይ ቅቤ ጨመርኩላት። በገዛ እጄ ምን እንደዘጋሁ የገባኝ ኋላ ነው።

እናቴ ስብሰባውን «ያንቺ ሰዎች» ትለዋለች። ያንቺ ሰዎች ዛሬም አሉ? ያንቺ ሰዎች ቁርስ በልተዋል? ሰው ሳይጠያየቅ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው ሳይባባል ዘሎ ሥራ ውስጥ መግባቱ አልገባ ብሏት ነበር። አንድ ሰኞ ማይኬን መዝጋት ረስቼ ገበታውን ላነሳ ዞር ስል፣ ከወንበሯ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ» አለቻቸው፤ የመምህር ድምፅ ስለሆነ ማጥሪያውም አላገደውም። ኃላፊዋ ንግግሯን አቋረጠች። አሥሩም ሰው በየተራ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። እናቴ ሁሉንም አዳምጣ ጨረሰችና «ቁጭ በሉ» አለቻቸው። ሠላሳ ዓመት ሲነሱላት የኖሩ ተማሪዎች መስለዋት ነው። እስካሁን ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ሲጀመር ቁጭ በሉ የሚል አይጠፋም።

ጣጣው ግን መብራት ነበር። ሲጠፋ የሰፈራችን ኔትወርክም አብሮ ይጠፋል። ስብሰባ መሃል ሦስት ጊዜ ተቆርጬ ከወጣሁ በኋላ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነ። ሆቴል ሞከርኩ፤ ቴሌቪዥኑ አይዘጋም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ሞከርኩ፤ ባጃጁ ሲጠብቁት አይመጣም። በመጨረሻ ያስጠጉኝ አስፋልቱ ዳር ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ ወልደው የከበዱ ሰው ናቸው፤ እናቴ ልጆቻቸውን በሙሉ ፊደል አስቆጥራለች። ሱቃቸው ባለሶላር ነው፤ ኔትወርኩም አይጠፋም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ ጣቃ ጨርቅ ነው። ያን ሁሉ ጨርቅ ተደግፌ ስቀመጥ የባጃጁ ጥሩምባ እንኳ ከሩቅ ይሰማኛል። ጓዳው በር ላይ በርጩማ አስቀመጡልኝና «ይህች የመንግሥት ሥራ ላይ ናት» እያሉ ገዢ ዝም ያስብላሉ። የመንግሥት ሠራተኛ እንዳልሆንኩ ብነግራቸውም አልሰሙኝም።

ኑሮዬን በዚያ ልክ ሰፋሁት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቴን አጥባለሁ፤ አንድ ሰዓት ላይ ቁርስና መድኃኒት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤታችን እትዬ መጥተው አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ እኔ ባጃጅ እይዛለሁ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሼ ቤት ነኝ። እናቴ እትዬን መቀመጥ ፈቅዳላቸዋለች፤ መንካት አልፈቀደችም። ይህም ትልቅ ነገር ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ሁለተኛው ወር ሊገባደድ ሲል ሦስተኛው መጽሐፍ ደረሰኝ። ስለ አንዲት ንብ ነው። ጸሐፊው ንቧ ማታ ማታ «ከዛፉ ሥር ወዳለው ቀፎዋ» ትመለሳለች ይላል፤ ሥዕሉም ቀፎውን መሬት ላይ አስቀምጦታል። ከቦንጋ አለፍ ብሎ ያለው ማንኪራ ጫካ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያይ በሳቅ ይሞታል። እኛ ጋ ቀፎ ዛፍ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ያውም ቀና ብሎ ማየት አንገት እስኪያም። መሬት ላይ ቀፎ የሚያስቀምጥ አገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህ መጽሐፍ ግን የሚሄደው ለእኛ አገር ልጆች ነው። ሥዕሉን እንዲቀይሩ ጻፍኩ፣ ጽሑፉን አስተካከልኩ፣ ሁለት ቀን ደክሜበት ማክሰኞ ማታ ላክሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ እሱን ወድጄው ነበር።

ረቡዕ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ስብሰባ ገባሁ። ኃላፊዋ ስሜን ጠርታ ሦስተኛውን መጽሐፍ ልከሽዋል ወይ አለች። መለስኩላት። ትሰሚኛለሽ ወይ አለች። አሁንም መለስኩላት። ከዚያ ወደ ሌላ ሰው አለፈች፤ እኔም ጉዳዩ አለቀ ብዬ የሳምንቱን ሥራ መጻፍ ጀመርኩ።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ኃላፊዋ ናት፤ ያለ ስብሰባ ደውላልኝ አታውቅም። መጽሐፉን አልላክሽም ብዬ ለሌላ አርታኢ ሰጥቼው ከመጀመሪያው ቅጂ ተነስቶ አራት ቀን ሙሉ ሠርቶበታል፤ ዛሬ ያንቺን ፋይል ከመልእክቶቹ ሥር አገኘሁት አለችኝ። ድምፅዋ ቁጡ አልነበረም። ቁጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ስብሰባ ላይ የለሽም» አለችኝ። «ፕሮግራሙን ከፍተሽ ወደ ቤትሽ ሥራ የምትሄጂ ይመስለኛል። ሪፖርት ስታነቢ አለሽ፤ ድንገት ስጠይቅሽ የለሽም። የእናትሽን ነገር አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ ልቀጥል አልችልም።»

በየጥያቄው እንደምመልስ ነገርኳት። ከአሥራችን አንድም የሰማሽ የለም አለችኝ። አንድ ወር ይቀርሻል ብላ ዘጋችው።

እንዴት እንደተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። ደጃፍ ላይ የነበረውን ሳፋ በእርግጫ ብለው እስከ ጎረቤት አጥር ተንከባለለ። የተናደድኩት ሰነፍ ስለተባልኩ አልነበረም፤ ሌባ የተባልኩ ያህል ስለተሰማኝ ነው። እዚያው ተቀምጬ ደመወዝ እየበላሁ የለሁም! ቀፎውስ? ያ አርታኢ ከመጀመሪያው ቅጂ ስለተነሳ ቀፎውን መሬት ላይ ትቶታል። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። የእኔ ግን ዝም ሳልል ነቀዘብኝ።

እናቴ ሳፋው ሲንከባለል ሰምታ ምን ሆነሽ አለች። ምንም አልኳት። ምንም የሚል ሰው ሳፋ አይራገጥም አለች። ነገርኳት። ሰማችኝና የሰው ጥፋት ነው ወይስ የማሽኑ ብላ ጠየቀች፤ አላውቅም ስላት «እንግዲያው ሳታውቂ አትልቀቂ» አለችኝ።

በማግስቱ ጀመርኩ። ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። አይቲውን አስጨንቄ ሰዓት ሙሉ ድምፅ ሞከርን፤ ያለምንም ችግር እሰማለሁ፣ ድምፄም ይሰማል። ሪፖርት ሳነብ ሰው ሁሉ ይሰማኛል፤ አጭር ጥያቄ ሲመጣ ግን እጠፋለሁ። ኔትወርክ ቢሆን ሪፖርቱን ሳነብም በጠፋሁ። አእምሮዬን ልስት ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ስብሰባዎቹ እንደሚቀረጹ ትዝ አለኝና የዚያን ረቡዕ ቅጂ እንዲልክልኝ አይቲውን ለመንኩት።

ቅጂውን የከፈትኩት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሐጂ ባንኮኒው ላይ አቡጀዲ እየለኩ ነበር። ኃላፊዋ ስሜን ጠራች። ልከሽዋል ወይ አለች። ጸጥታ። ትሰሚኛለሽ ወይ አለች። ጸጥታ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አውጥታ ወደ ሌላው አለፈች። መልሼ ከፈትኩት፤ ያው ነው። ሦስተኛ ከፈትኩት። እኔ የለሁም። ለአፍታ ራሴን ተጠራጠርኩ፤ እውነት ሳልመልስ ቀርቼ ይሆን?

«ሐጂ» አልኳቸው፤ «ያን ረቡዕ እዚሁ ነበሩ። ስትጠይቀኝ መልሼላታለሁ አይደል?»

ሐጂ ዓይናቸውን ከሜትሩ ሳያነሱ ቅንድባቸውን ከፍ፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ከዚያ መቀሱን አነሱ።

ምን አሉኝ አልኳቸው። አዎ አልኩሽ አሉኝ። አላሉም አልኳቸው። እንዴት አላልኩም አሉና፣ ልባቸው እንደማዘን ብሎ፣ ያችኑ ትንፋሽ ደገሙልኝ። ጣቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ያመመኝ መስሏቸው ውኃ ሊያመጡልኝ ተነሱ።

አገሬው ሁሉ አዎ የሚለው እንዲህ ነው። ከንፈር ሳይገጥም፣ ምላስ ሳይደክም፣ አንዲት አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ ይጨርሳል። መጥተሻል? ትንፋሽ። በልተሻል? ትንፋሽ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ስመልስ ያልሰማኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ እየመለስኩ መሆኑን እንጂ በምን እየመለስኩ መሆኑን አስቤው አላውቅም። ማሽኑ ግን አገራችን አላደገም። ለእሱ ትንፋሽ ጫጫታ ነው፤ ዝናብና ትንፋሽ አንድ ነው። ማንም ሳይነካው በራሱም ያጠራዋል፤ እኔ ደግሞ ቆርቆሮውን ዝም ላሰኝ ብዬ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌለታለሁ። ለሁለት ወር ለኃላፊዋ ጥያቄ ሁሉ አዎ ስል፣ አዎዬን ከዝናቡ ጋር ደርቦ ሲጠርገው ኖሯል። እዚያው ድምፄን ቀርጬ ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ ትንፋሽ ሳብኩ፤ ሦስት ጊዜ ምንም የለም። ማጥሪያውን ዘጋሁትና ሞከርኩ፤ የወባ ትንኝ ያለፈች ያህል ሽው አለ።

ለሐጂ ሳስረዳቸው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። «እኔ ከመርካቶ ጋር በስልክ ስነጋገር የምጮኸው ጆሮዬ ደክሞ መሰለሽ?» አሉኝ። «ወላሂ ልጄ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።»

ወዲያው ለኃላፊዋ ልደውል ስልኬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ልላት ነው? መልሼልዎት ነበር፣ ትንፋሼን ማሽኑ በላው? እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብተሬን በግ በላብኝ ሲሏት ኖራለች፤ አንዱንም አምና አታውቅም። ማመካኛ የማትወድ ሴት ፊት እንዲህ ያለ ማመካኛ ይዤ አልቀርብም አልኩ። አንድ ወር አለኝ። በዚህ አንድ ወር ውስጥ በአፌ አዎ ማለት እማራለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይምጣ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ትንፋሹ ከሐሳብ ይቀድማል፤ አፍ እስኪከፈት እሱ ደርሶ ተመልሷል። በወፍራም ቀለም «አዎ» ብዬ በወረቀት ጻፍኩና ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩት። እቤትም ልምምድ ጀመርኩ። እናቴ በሩን ዘጋሽው ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት፣ ጎላ አድርጌ። ቀና ብላ አየችኝ። መድኃኒቴን አመጣሽ ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። «ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ፤ «ለምን ትቆጪኛለሽ?» እውነቷን ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው አዎ ብሎ የሚጮኸው ሲጣላ ነው። ስብሰባ ላይም አዎ ብቻውን ለታላቅ ሰው ሲባል ደረቅ ይላል፤ ስለዚህ ሙሉ አረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። አዎ፣ ልኬያለሁ። አዎ፣ እየሰማሁ ነው። አዎ፣ ዓርብ ይደርሳል። በባጃጅ ስሄድ እንኳ እለማመዳለሁ፤ አንድ ቀን ሾፌሩ እንዲያወርደኝ የጠየቅኩት መስሎት ቆመልኝ።

አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ። ኃላፊዋ ድንገት ስትጠይቀኝ ትንፋሹ አመለጠኝ፤ መሳሳቴን ሳውቅ ደንግጬ በአሥር ሰው ጆሮ ውስጥ አዎ ብዬ ጮኽኩ። ሐጂ ሜትሩ ከእጃቸው ወደቀባቸው። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያ ወፍጮ ቤት ነሽ ያለኝ ባልደረባዬ ድምፅሽ ተመለሰ አለኝ። ኃላፊዋ ግን ምንም አላለችም።

የውሳኔው ስብሰባ ዓርብ ሆነ። የምንገባው ሦስት ሰዎች ነን፤ ኃላፊዋ፣ የሰው ሀብቱ ሰውዬና እኔ፣ እያንዳንዳችን ከየቦታችን። ሁሉን አዘጋጅቼ ጨርሼ ሳለሁ፣ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ለቅሶ መሄዳቸውን ላኩብኝ። ለቅሶ ነውና ቅሩልኝ አይባልም። እናቴን ብቻዋን ትቼ አልወጣም። መብራት የለም፣ የላፕቶፑ ባትሪ ከግማሽ በታች ነው፣ ኔትወርኩ እንደ ተአምር ያን ቀን አብሮ አልጠፋም፣ ግን ከስልኬ ብቻ ነው የማገኘው፤ ሰማዩም ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ ወረደ።

የሐጂ ጣቃ ትዝ አለኝ። ያሉንን ብርድ ልብሶች በሙሉ፣ የእናቴንም ከላይዋ ገፍፌ፣ በገመድ ከጣሪያው ሥር ሰቀልኳቸው። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከወንበሯ ሆና ቤቴን የለቅሶ ድንኳን አስመሰልሽው፣ ማን ሞተ ብላ ጠየቀችኝ። እስካሁን ማንም አልኳት። ማጥሪያውንም መልሼ ወደ መሃል አወረድኩት። ሦስት ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱ መሃል ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

የሰው ሀብቱ ሰውዬ የሦስቱን ወር ሪፖርት አነበበ፤ ሥራዬ በጥራትም በጊዜም ጥሩ ነው ይላል፤ ተሳትፎ ላይ ግን ጥያቄ አለ ይላል። ከዚያ ኃላፊዋ ተናገረች። የመጨረሻው ወር ከሁለቱ ወር ጋር አይመሳሰልም፣ የቷ እውነተኛዋ አንቺ እንደሆንሽ ለማወቅ ተቸግሬያለሁ አለችኝ። ሁለቷም እኔ ነኝ አልኳት። ሥራዬን አይተውታል፣ በየቀኑ እዚህ እንደነበርኩ የሚመሰክረው እሱ ነው፣ እናቴን ትቼ አልመጣም፣ ሥራዬንም መልቀቅ አልፈልግም አልኳት። ከዚህ በላይ የምለው አልነበረኝም።

«ታዲያ ከዚሁ ከቦንጋ ልቀጥል?» አልኳት።

ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። የሰው ሀብቱም ዝም ብሏል። ጠበቅኩ። የብርድ ልብሱን መስመር ዓይኔ ይቆጥራል። አሁንም ዝም ናቸው። እናቴን አዲስ አበባ፣ በምከራየው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሰብኳት፤ ደረጃውን በስንት ሰው ሸክም እንደምትወጣ፣ መስኮት ላይ ተቀምጣ የማታውቀውን መንገድ ስታይ። ቀጥሎ ደግሞ ንዴቴ መጣ፤ ቢያንስ እምቢ ለማለት ሰው አፍ ይከፍታል። ፕሮግራሙን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ ዓይኔ ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ያለችው ወረቀት ላይ አረፈ።

ይህች ሴት የት አገር ነው ያደገችው?

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «መልሰውልኝ ከሆነ አልተሰማኝም። በአፍዎ ይበሉልኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች፤ ግራ እንደገባት ያስታውቃል። «አዎ አልኩሽ እኮ። ሁለት ጊዜ።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ፤ የቱ እንደቀደመ አሁን ለይቼ አልናገርም። የሰው ሀብቱ ሰውዬ እሱም እንዳልሰማ፣ እያሰበችበት መስሎት ዝም እንዳለ ተናገረ። ያኔ ነገርኳት። ትንፋሹን፣ ማጥሪያውን፣ ቆርቆሮውን፣ የሐጂን መቀስ፣ ወረቀቷን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ያን ረቡዕ ታዲያ» አለች።

«መልሼልዎት ነበር። ሁለት ጊዜ።»

ዝም አለች። ትንፋሽ ስባ ይሁን እውነትም ዝም ብላ፣ እግዜር ይወቀው። ከዚያ «ይቅርታ» አለችኝ፤ በአፏ፣ ጥርት አድርጋ። ይቅርታ የሚሉ አለቆች ብዙ አላጋጠሙኝም። ጊዜው ያ መሆኑን አውቄ፣ ቀፎውን ዛፉ ላይ ይመልሱልኝ አልኳት። ይመለሳል አለች። በጽሑፍ ይላኩልኝ አልኳት፤ ያኔ ሳቀች።

ላፕቶፑን ስዘጋ ባትሪው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ከብርድ ልብሶቹ መሃል ወጣሁ። እናቴ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ ትጠብቀኛለች፤ ስብሰባው ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፣ እንደምን አደራችሁም አላለች። ቆርቆሮው እየተቀጠቀጠ ስለነበር የምትለውን ለመስማት ቀረብ አልኳት።

«ትቆያለሽ?» አለችኝ በእኛው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ።

ወደ ውስጥ ተነፈስኩ።

ዝናቡን አልፎ ሰማችው። «እንግዲያው ብርድ ልብሴን አውርጂልኝ» አለችኝ፤ «በርዶኛል።»